ለተጎዳ ነርቭ መድኃኒት፦ የሚረዳው፣ የማይረዳውና የሚጎዳው

ነርቩ የተጎዳ ሰው ወይም አስታማሚው ፊዚዮቴራፒ ክፍል ሲመጣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀን "ነርቩን መልሶ የሚያበቅል መድኃኒት የለም ወይ?" ብሎ ነው። ብዙ ጊዜ እጁ ላይ በፌስታል የተያዘ መድኃኒት አለ፤ የቫይታሚን ክኒን፣ ያላለቀ መርፌ፣ ዘመድ ከውጭ የላከው ጠርሙስ። ሳላድበሰብስ ልመልስ፦ ተቆርጦ ወይም ተጨፍልቆ የተጎዳን የእጅ ወይም የእግር ነርቭ ቶሎ ያበቅላል ተብሎ የተፈቀደ መድኃኒት እስካሁን የለም። ይህ ግን መድኃኒት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በሰዓቱ በተሰጠ መድኃኒት የሚድን ነርቭ አለ፤ መድኃኒት እንቅፋቱን የሚያነሳለት አለ፤ መድኃኒቱ ራሱ የሚጎዳውም አለ። እነዚህን ሳይለዩ መዋጥና መወጋት ገንዘብ ብቻ አይደለም የሚበላው፣ ነርቩ የተሰጠውን ጊዜም ይበላል።

ጊዜው እንዲህ ነው የሚቆጠረው። የነርቭ ክር ሲበጠስ ከጉዳቱ በታች ያለው ክፍል ይሞታል። ይህን ኦገስተስ ዎለር እ.ኤ.አ. በ1850 በእንቁራሪት ነርቭ ላይ አሳይቶታል። ከዚያ ሽዋን የሚባሉት ህዋሳት የሞተውን ጠርገው ለአዲሱ ክር መንገድ ያዘጋጃሉ፤ አዲሱ ክር ደግሞ ከላይ ተነስቶ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል፣ በወር 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ጉዞውን ከመጀመሩ በፊት ሦስት ወይም አራት ሳምንት ይዘገያል። በሌላው ጫፍ የሚጠብቀው ጡንቻ ግን ለዘላለም አይጠብቅም፤ ያለ ነርቭ ከ12 እስከ 18 ወር ከቆየ በኋላ ክሩ ቢደርስለትም የሚቀበልበት ቦታ ጠፍቷል፣ ጡንቻውም ስብና ጠባሳ ሆኗል።

ስለዚህ ሜትር ይዛችሁ ለኩት። የላይኛው ክንድ አጥንት መሐሉ ላይ ተሰብሮ ራዲያል ነርቭ ከተጎዳና የእጅ አንጓ አልነሳ ካለ፣ ከስብራቱ እስከ መጀመሪያው የክንድ ጡንቻ 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ የመጀመሪያው እንቅስቃሴ የሚጠበቀው በአራተኛው ወር አካባቢ ነው። በሁለተኛው ወር ምንም ስላልታየ መድኃኒት መቀያየር ትርጉም የለውም። ወደ ትንሿ ጣት የሚወርደው አልናር ነርቭ ብብት አጠገብ ከተቆረጠ ግን የጣት ጡንቻዎች ከ50 ሴንቲ ሜትር በላይ ይርቃሉ፤ ስሌቱ ከአንድ ዓመት ተኩል ያልፋል፣ ጡንቻዎቹም እስከዚያ አይቆዩም። እንዲህ ያለው ሰው ቀዶ ሐኪም ዘንድ ቶሎ መድረስ አለበት፤ ምክንያቱም ጤነኛ ነርቭ ከቅርብ አምጥቶ ማገናኘት የሚቻለው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው።

ጉዳቱ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ማወቅም የመድኃኒቱን ጥያቄ ግማሹን ይመልሳል። ሴዶን የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 በሦስት የከፈለው እስከ ዛሬ ይሠራል። በመጀመሪያው ነርቩ ተጫነ እንጂ ክሩ አልተበጠሰም፤ ከቀናት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይመለሳል። ክንዱን ወንበር ላይ አንጠልጥሎ ተኝቶ ያደረ ሰው ጉዳት ብዙ ጊዜ ይህ ነው። እዚህ ላይ የተወጋ መርፌ ሁሉ "አዳነኝ" ይባልለታል፤ ባይወጋም ይድን ነበር። በሁለተኛው፣ መዳቡ ውስጥ ለውስጥ ተበጥሶ ላስቲኩ እንደቀረ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ክሩ ተበጥሶ ሽፋኑ ቀርቷል፤ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር የሚያድገው ይህ ነው። በሦስተኛው ነርቩ ሙሉ በሙሉ ተቆርጧል፤ ሁለቱ ጫፎች ካልተሰፉ ክሩ መንገድ አጥቶ ጠባሳ ውስጥ ይጠቀለልና የሚያም እብጠት ይሠራል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ሦስተኛው ነው። መስታወት ወይም ቢላዋ የእጅ አንጓ ላይ ይቆርጣል፤ ቆዳው ይሰፋል፤ ትንሿ ጣት ደንዝዛለች፣ ጣቶቹ አይራራቁም፣ አይገጣጠሙም። "ነርቭ ነው፣ ቀስ እያለ ይመለሳል" ተብሎ የቫይታሚን መርፌ ይታዘዛል። ወራት ካለፉ በኋላ ሲታይ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል ያለው ሥጋ ጎድጉዷል። በስለት የተቆረጠ ነርቭ በቀናት ውስጥ መሰፋት አለበት፤ ከቆየ ጫፎቹ ይሸሻሉ፣ ከሌላ ቦታ ነርቭ ወስዶ መቀጠል ግድ ይሆናል። ከቁስል በታች የደነዘዘ ወይም የማይንቀሳቀስ ነገር ካለ፣ ተቆርጧል ብላችሁ ጀምሩ፤ አለመቆረጡን የሚያረጋግጠው ሐኪሙ ነው።

ነርቩ እያደገ መሆኑን ቤት ውስጥ መከታተል ይቻላል። ከጣት ጫፍ ተነስታችሁ ወደ ጉዳቱ አቅጣጫ፣ በነርቩ መስመር ላይ፣ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉ። ኤሌክትሪክ እንደነዘረ ያለ ስሜት ወደ ደነዘዘው ቦታ የሚሮጥበትን ነጥብ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉና ከጉዳቱ ያለውን ርቀት ከቀኑ ጋር ጻፉ። በየወሩ አንድ ጊዜ በቂ ነው። ነጥቡ በወር 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ከወረደ ክሩ መንገድ ላይ ነው። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቦታ ከቆመ የሚያስፈልገው ሌላ ክኒን አይደለም፤ የነርቭ የኤሌክትሪክ ምርመራና የቀዶ ሐኪም ዓይን ነው። ምርመራው በመጀመሪያው ሳምንት ከተሠራ አሳሳች ውጤት ሊሰጥ ይችላል፤ ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በኋላ ነው ጉዳቱን በትክክል የሚያሳየው።

አሁን ወደ ፌስታሉ እንግባ። እኛ አገር ለነርቭ ጉዳት በብዛት የሚሰጠው ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 የተቀላቀሉበት ነው፤ ኒውሮቢዮን፣ ኒውሮሩቢንና ሌሎችም በክኒንና በመርፌ። እነዚህ ቫይታሚኖች የጎደሉት ሰው ላይ እውነተኛ መድኃኒት ናቸው። ጉድለት በሌለበት ሰው የተቆረጠ ወይም የተቀጠቀጠ ነርቭ ላይ ግን እድገቱን ማፍጠናቸው አልተረጋገጠም። ሜቲልኮባላሚን የሚባለው የቢ12 ዓይነት በአይጦች ላይ በጣም ከፍ ባለ መጠን ሲሰጥ ጥሩ ምልክት አሳይቷል፤ በጃፓን 500 ማይክሮ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ለነርቭ ሕመም ሲታዘዝ ቆይቷል። ቢ12ን ብቻ የሚወስድ ሰው አልከለክልም፤ ጉዳቱ አነስተኛ ነው። የቀዶ ሕክምናውን ቀጠሮ እንዲተካ ግን አልፈቅድም።

የቢ12 ጉድለት ይኑር አይኑር በግምት ሳይሆን በደም ምርመራ ይታወቃል። በሚሊ ሊትር ከ200 ፒኮ ግራም በታች ከሆነ ጉድለት አለ፤ ከ200 እስከ 300 አጠራጣሪ ነው። ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ የስኳር ታማሚ፣ ኦሜፕራዞል የሚባለውን የጨጓራ መድኃኒት የማያቋርጥ ሰው፣ ጨጓራው የተቀነሰለት፣ እድሜው የገፋ፣ ጾሙን አጥብቆ የሚይዝና በፍስኩም ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል እምብዛም የማይቀምስ፤ እነዚህ ሁሉ ነርቫቸው ቢጎዳም ባይጎዳም ምርመራውን ቢጠይቁ መልካም ነው። ጉድለቱ ከተገኘ የተለመደው አሰጣጥ 1000 ማይክሮ ግራም በመርፌ በየቀኑ ለአንድ ሳምንት፣ ከዚያ በሳምንት አንድ ለአራት ሳምንት፣ ከዚያ በወር አንድ ጊዜ ነው። በየቀኑ ከ1000 እስከ 2000 ማይክሮ ግራም የሚዋጠው ክኒንም ለብዙ ሰው ይበቃል። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ቢ12 የጎደለው ሰው ፎሊክ አሲድ ብቻውን ከወሰደ የደም ማነሱ ይስተካከላል፣ ነርቩና ሕብለ ሰረሰሩ ግን መጎዳታቸውን ይቀጥላሉ፤ ደሙ ስለተስተካከለም ማንም አይጠረጥርም።

ቢ6 ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ቢ6 ሲበዛ ራሱ ነርቭ ይጎዳል፤ ስሜት የሚያመጡትን የነርቭ ህዋሳት ከሥር መሠረታቸው ይመታል። ሁለቱም እግርና ሁለቱም እጅ እኩል ይደነዝዛሉ፣ ያቃጥላሉ፤ ሰውየው በጨለማ ወይም ፊቱን ሲታጠብ ዓይኑን ሲጨፍን ይንገዳገዳል። ያን ጊዜ "ነርቩ ብሶበታል" ተብሎ መጠኑ ይጨመርለታል፤ ጉዳቱ በዚህ ይከፋል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2023 ለአዋቂ የሚፈቀደውን ጣሪያ በቀን ወደ 12 ሚሊ ግራም ዝቅ አድርጎታል። ከተቀላቀሉት ክኒኖች ብዙዎቹ ግን በአንዱ ፍሬ ብቻ ከ50 እስከ 200 ሚሊ ግራም አላቸው። ለጥቂት ሳምንት አይደለም የሚያሳስበው፤ ለወራትና ለዓመታት መዋጡ ነው።

ከአሜሪካ የሚላከውን ጠርሙስ ስታዩ ጀርባው ላይ ያለውን ሠንጠረዥ አንብቡ። የቀን ፍጆታ ተብሎ የተያዘው የቢ6 መጠን 1.7 ሚሊ ግራም ነው። አንድ ክኒን 50 ሚሊ ግራም ካለው በመቶኛው ዓምድ 2,941 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። "ለነርቭ" የተባለ አንድ ጠርሙስ፣ "ለጉልበት" የተባለ መልቲቫይታሚን፣ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ኒውሮቢዮን አንድ ላይ ሲዋጡ ቢ6 ሦስት ጊዜ ይደመራል። ጠርሙሶቹን ጎን ለጎን አቁማችሁ የቢ6ን ሚሊ ግራም ብቻ ደምሩ።

ቢ6 በእርግጥ የሚያስፈልገው ሰውም አለ። አይሶናያዚድ የሚባለው የቲቢ መድኃኒት ቢ6ን ያሟጥጣል፤ ለዚህ ነው ከሱ ጋር በቀን ከ10 እስከ 25 ሚሊ ግራም ፒሪዶክሲን (ቢ6 ራሱ ነው) አብሮ የሚሰጠው። የቲቢ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው እግሩን ካቃጠለው ለሐኪሙ ይንገር፤ መጠኑን ከፍ የሚያደርገው ሐኪሙ ነው። የቲቢውን መድኃኒት በራስ ማቆም በፍጹም አይገባም።

መድኃኒት በትክክል ነርቭ የሚያድንባቸውን ሁለት ሁኔታዎች ልጥቀስ፤ ሁለቱም ላይ ጀግናው ፕሬድኒሶሎን የሚባለው እብጠት የሚያበርድ፣ ሆርሞን መሰል መድኃኒት ነው፣ ሁለቱም ላይ ወሳኙ መቼ እንደተጀመረ ነው። የመጀመሪያው ድንገት የፊት አንድ ጎን ሲጣመም ነው። ምች ነው፣ ነፋስ ነው እየተባለ ቀናት ያልፋሉ። መጀመሪያ ስትሮክ አለመሆኑ ይታይ፤ ግንባሩን መጨማደድ የሚችል፣ እጁ ወይም እግሩ የዛለ፣ አንደበቱ የተያዘ ሰው በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። የፊት ነርቭ ብቻ ከሆነ ፕሬድኒሶሎን በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ 25 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ10 ቀን። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው የስኮትላንድ ጥናት፣ ከዘጠኝ ወር በኋላ ፕሬድኒሶሎን ከወሰዱት 94.4 በመቶ፣ ካልወሰዱት 81.6 በመቶ ሙሉ በሙሉ ድነዋል። የማይከደነውን ዓይን አትርሱት፤ ቀን ሰው ሠራሽ እንባ፣ ማታ የዓይን ቅባት ተደርጎ ሽፋሽፍቱ በፕላስተር ይዘጋ። ፊቱ ተመልሶ ዓይኑ የጠፋ ሰው እንዳይኖር።

ሁለተኛው ሥጋ ደዌ ነው። ነርቩን የሚጎዳው ባክቴሪያው ብቻ ሳይሆን ሰውነት ባክቴሪያውን ሲዋጋ የሚፈጠረው እብጠት ነው፤ ሕክምናው ተጀምሮም፣ ካለቀ በኋላም ሊነሳ ይችላል። በተለይ ክርን ላይ ያለው ነርቭ ያብጣል፣ ሲነካ ያማል። ጉዳቱ ከስድስት ወር ያልበለጠ ከሆነ ፕሬድኒሶሎን ይጀመራል፤ ብዙውን ጊዜ በቀን ከ40 እስከ 60 ሚሊ ግራም ተነስቶ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ እስከ 20 ሳምንት ድረስ። አንዳንዱ ነርቭ ደግሞ ምንም ሳያም፣ ሰውየው ሳያውቀው ነው የሚዳከመው። ስለዚህ በየወሩ የትንሿን ጣትና የአውራ ጣትን ጉልበት፣ የዓይንን መከደን፣ የእግር ጣትን መነሳት፣ የመዳፍንና የውስጥ እግርን ስሜት መፈተሽ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ያለው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል አለርት ይህን ሥራ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲሠራው የኖረ ቦታ ነው። ፕሬድኒሶሎን ለሳምንታት እየተወሰደ "ደህና ሆኛለሁ" ብሎ በድንገት ማቋረጥ ወይም መዝለል አደገኛ ነው፤ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት ስላቆመ ሰውየው ሊወድቅ ይችላል። ከመጀመሩ በፊትም ስኳር፣ ግፊት፣ ቲቢና የአንጀት ትል ይታዩ።

በስለት ለተቆረጠ ወይም በስብራት ለተጎዳ ነርቭ ግን ፕሬድኒሶሎን አያስፈልግም። አንዱን የረዳ ክኒን ጎረቤት ተበድሮ ሲውጠው ስኳር ከፍ ይላል፣ ቁስል ሳይድን ይቆያል።

ሕመምን በተመለከተ፣ በነርቭ ሕመም የሚሠቃይ ሰው ዲክሎፌናክ ሲወጋ የሚከርመው በከንቱ ነው። የነርቭ ሕመም የሚያቃጥል፣ የሚወጋ፣ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ነው፤ የሚረዳው ሌላ ዓይነት መድኃኒት ነው። አሚትሪፕቲሊን ርካሽ ነው፣ በየቦታው ይገኛል፤ ከ10 ወይም ከ25 ሚሊ ግራም፣ ከመኝታ ሁለት ሰዓት በፊት ይጀመራል። ዘግይቶ የወሰደው ጠዋት ይከብደዋል። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፤ ፕሮስቴቱ ያበጠ ሰው ሽንቱ ሊያዝ ይችላል፣ የልብ ምት ችግር ላለበት አይሰጥም። ጋባፔንቲን በመጀመሪያው ቀን 300 ሚሊ ግራም፣ በሁለተኛው ሁለት ጊዜ፣ በሦስተኛው ሦስት ጊዜ ተብሎ ይጀመርና በቀን በድምሩ እስከ 1800 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ይደርሳል። ለጨጓራ ከሚወሰድ አሉሚኒየምና ማግኒዥየም ካለው ሽሮፕ ጋር አብሮ ከተወሰደ በደንብ አይመጠጥም፤ ሁለት ሰዓት ይለያዩ። ኩላሊቱ የደከመ ሰው መጠኑ መቀነስ አለበት፣ አለዚያ ያንገዳግደዋል። አሚትሪፕቲሊንን ትራማዶል ከሚባለው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ጋር አንድ ላይ መውሰድ የሚጥል በሽታ ሊያስነሳ ይችላል፤ ለሁለቱም ያዘዙት ሐኪሞች የተለያዩ ሲሆኑ ይህ በቀላሉ ይታለፋል።

ብዙዎች ሦስት ቀን ወስደው "አልሠራልኝም" ብለው ይተዉታል። ትክክለኛው መጠን ላይ ከደረሱ በኋላ ቢያንስ አራት ሳምንት ካልቆዩ መፍረድ አይቻልም። የሚጠበቀውም ሕመሙ በግማሽ እንዲቀንስና እንቅልፍ እንዲመጣ እንጂ እንዲጠፋ አይደለም። እነዚህ መድኃኒቶች ነርቩን አያበቅሉም። ጥቅማቸው ግን ትንሽ አይደለም፤ ሕመሙ የቀለለለት ሰው ጣቱን ያጥፋል፣ ይዘረጋል፤ ነርቩ በስድስተኛው ወር ሲደርስ መገጣጠሚያው ደርቆ አይጠብቀውም።

ተስፋ የተጣለባቸው መድኃኒቶችም አሉ። ለንቅለ ተከላ የሚሰጠው ታክሮሊመስ በአይጥ ላይ የነርቭ እድገትን ያፈጥናል፤ ግን የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክምና ኩላሊት ስለሚጎዳ ለተሰበረ ክንድ ብሎ የሚያዝዘው የለም። 4-አሚኖፒሪዲን በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 የመልቲፕል ስክሌሮሲስ (የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ነርቮች ሽፋን የሚጎዳበት በሽታ) ሕሙማን እንዲራመዱ ለመርዳት ተፈቅዷል፤ ለተጎዳ ነርቭ በጥናት ላይ ነው። ከመጠን ካለፈ የሚጥል በሽታ ያመጣል፤ በኢንተርኔት ገዝቶ መሞከር የማይገባ ነገር ነው። የነርቭ ማሳደጊያ ፕሮቲንን ያገኙት ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒና ስታንሊ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1986 ኖቤል ተሸልመዋል። ፕሮቲኑ በመርፌ ሲሰጥ ሕመም አስነሳ፤ በዓይን ጠብታ መልክ ግን ሰኔገርሚን ተብሎ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ተፈቀደ። በቀን ስድስት ጊዜ ለስምንት ሳምንት ይጨመራል፣ የዓይን ብሌን ላይ ያለው ነርቭ ተጎድቶ ለቆሰለ ዓይን ብቻ ነው።

መርፌውን ራሱን ሳላነሳ አላልፍም። ቂጥ ላይ ያለ ቦታው የተወጋ መርፌ ሳያቲክ የሚባለውን ወደ እግር የሚወርድ ትልቅ ነርቭ ሲነካ፣ በዚያው ቅጽበት ከቂጥ እስከ እግር ጣት የሚወርድ ነዘራ ይሰማል፤ ከዚያ የእግር ጣት አልነሳ ይላል። ሕፃናትና ከሲታ ሰዎች ላይ አደጋው ይብሳል፣ ሥጋው ስስ ስለሆነ። ነዘራው በተሰማ ጊዜ ጮክ ብላችሁ አስቁሙ፤ ወጊው የቀረውን መግፋት ሳይሆን ወዲያው መንቀል አለበት። የጎን ዳሌ ላይ መውጋት ከቂጥ ይልቅ ከነርቩ የራቀ ነው። ቫይታሚን በአፍ መውሰድ እየተቻለ ለነርቭ ተብሎ ቂጥ ላይ አሥርና ሃያ መርፌ መቀበል ያለ ምክንያት አደጋ መጨመር ነው።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የምትወስዱትን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ የካንሰር መድኃኒት፣ ለወራት የተወሰደ ሜትሮኒዳዞል፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን ነርቭ ሊጎዱ ከሚችሉት ውስጥ ናቸው። የሚቀየረውን የሚወስነው ሐኪሙ ይሁን። የሕመሙ መድኃኒት የሚቀነስበት ቀን ሲደርስም በአንድ ጊዜ አይቆምም። ጋባፔንቲን ቢያንስ በአንድ ሳምንት፣ ለወራት የተወሰደ ከሆነ ከዚያ በዝግታ ይቀነሳል፤ በድንገት ሲቆም እንቅልፍ ይነሳል፣ ያልባል፣ ሕመሙ ይገነፍላል። አሚትሪፕቲሊንም በየሳምንቱ በ10 ወይም በ25 ሚሊ ግራም ይውረድ። እየቀነሳችሁ ሕመሙ ተመልሶ ከመጣ መጨረሻ ወደረዳችሁ መጠን ተመለሱና ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ሞክሩ።